ጥሎሽ የምንለው

ኦክላንድ፣ ኅዳር 4 ቀን 1990 ዓ.ም.

በፎቶግራፍ ብቻ ለማውቅዎት ለአማቴ፣ ለአባባ ኃይለየሱስ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ዓይንዎ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ደህና ነው? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ያላየሁትን ሰው እንዴት እናፍቃለሁ እያልኩ ራሴን እታዘባለሁ። ህዝቅያስ ስለእርስዎ ሲያወራ እየሰማሁ ሦስት ዓመት ሙሉ አብረን የኖርን መስሎኛል።

እንደ ልማዱ የምጽፈው እኔ ነኝ። ልጅዎ ማውንቴን ቪው ካለ ፋብሪካ የኮምፒውተር ቦርድ ሲበይድ ውሎ ይመጣና፣ ብዕር ያዝ ሲሉት እጄን አመመኝ ይላል። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ለመያዝ ግን አሞት አያውቅም።

ዋናው ወሬ፣ የእርስዎ የቪዛ ፋይል አልፏል። ህዝቅያስ ሲቲዝን ስለሆነ አባቱን ለማምጣት ብዙ አይቆይም ብለውናል። ኤምባሲው የቀጠሮ ደብዳቤ ይልክልዎታል። ዓይንዎን የሚያየው ሐኪም እዚሁ ከቤታችን አቅራቢያ አለ፤ እኔም የምሠራው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው፣ በሽተኛ በመንከባከብ።

ባለፈው ቅዳሜ መሥሪያ ቤቱ ለህዝቅያስ ነፃ ቲኬት ሰጥቶት፣ ሳን ሆዜ ወዳለ የቴክኖሎጂ ሙዚየም ሄድን። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሯቸውን ሮኬቶችና አውሮፕላኖች ሰብስበው ያሳያሉ። «አባዬ ይሄን ቢያይ ያብድ ነበር፤ ሁሉንም ጻፊለት» ብሎኛል። እንደታዘዝኩ እጽፋለሁ።

ትልቁ ሮኬት በጎኑ ተጋድሟል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃ ስለካው አሥራ ስምንት ሆነ። አንዱን ጎኑን ቆርጠው በመስታወት ስለሸፈኑት የሆዱ ቱቦና ሽቦ ይታያል። ከእሱ ቀጥሎ ክንፍ ያላት፣ ሰው የማይነዳት፣ በራሷ በርራ የምትወድቅ ቦምብ አለች። ከዚያ ፕሮፔለር የሌለው አውሮፕላን። ሆዱ ሥር ቦምብ የሚንጠለጠልበት መንጠቆ አለው። ህዝቅያስ ተንበርክኮ ወደ ላይ እያየ «ጥሩዬ፣ ሉክ፣ ሲስተሙን እዪው፤ አባዬ እንዲህ ያለውን ነበር ፊክስ የሚያደርገው» አለኝ።

አስጎብኚው ነጭ ሽማግሌ ነው። ትልልቆቹን ሮኬቶች የሠሩት ተራራ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ የነበሩ እስረኞች ናቸው አለን። ሮኬቱ ወድቆ ከገደለው ሰው ይልቅ ሲሠራ ያለቀው ይበልጣል። ንድፉን ያወጡት ምሁራን ግን ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ መጥተው፣ ተከብረው ኖረው፣ ሰው ወደ ጨረቃ ሲሄድ የእነሱም እጅ ነበረበት አለ።

አንድ ጥግ ላይ ሕፃናት አዝራር ሲጫኑ የዚያች ቦምብ ድምፅ ይሰማል። እኔ ትንሽ ስላመመኝ ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። ልጅዎ እስኪጠግብ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁት።

እስቲ ሲመችዎ ይንገሩን፤ እርስዎ የሠሩባቸው አውሮፕላኖችም እንዲህ ነበሩ? ፈጣሪ ፊት ለፊት ያነጋግረን።

ምራትዎ ጥሩዬ


ሞጆ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ሳላያት ለወደድኳት ልጄ፣ ለጥሩዬ፤

የጻፈ እጅሽ አይዛል፤ የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ቢሆንም ለማንም አላስነበብኩም። የምራትን ደብዳቤ ሰው አያነብልህም ብዬ መነጽሬን ስወለውል ዋልኩ። ሞጆ እንዳለች ናት። ነፋሱ ሲዞር የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ምሳችንን ይቀላቀለናል። ጎረቤቶቼ ልጅህ አሜሪካ ሄዶ ጴንጤ ሆነ ሲሉኝም መጠጡን ይተው እንጂ ግድ የለም ብያለሁ።

የሙዚየሙን ነገር ሳነብ ሠላሳ ዓመት ከላዬ ላይ ወረደልኝ። ህዝቅያስ አባዬ መካኒክ ነበር ብሎሻል። እንደዚያ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ለልጅ የሚነገረው ያ ነው። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽና ልንገርሽ። እኔ በአየር ኃይል መሣሪያ ጫኝ ነበርኩ። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ቦምቡን በጋሪ ገፍቼ፣ በጃክ አንሥቼ፣ መንጠቆው ላይ የምሰቅለው እኔ ነኝ። ያየሽው መንጠቆ ስንት ጆሮ፣ ማለት ቦምቡ የሚያዝበት ቀለበት፣ አለው? ሁለት ከሆነ የእኛም እንዲያው ነው። ሁለቱ ጆሮ እኩል ካልገባ ቦምቡ ሲለቀቅ ይንገዋለላል፣ ካሰቡት ቦታም አይወድቅም። እኔ የሰቀልኩት ግን አንድም ቀን ተንገዋሎ አያውቅም። አዛዡ ራሱ «የኃይለየሱስ እጅ ሚዛን ነው» ይል ነበር።

ሥራ ሲከብድ ሰው ቀልድ ያበጃል። በእኛ ምድብ ቦምብ ብሎ የሚጠራ አልነበረም፤ ጥሎሽ ነበር የምንለው። ከላይ የሚጣል ነው፣ ሙሽራዋም ሳታስበው ይደርሳታል። በጠመኔ «ለሙሽሪት» ብለን እንጽፍበታለን። አብራሪው ሲመለስ ከበብ አድርገን «ጥሎሹን ተቀበሉ ወይ?» ስንለው፣ «ተቀበሉ እንጂ፤ እልልታው ሰማይ ደረሰ» ይለናል። የወጣትነት ነገር፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

የአንቺን ጥሎሽ ግን እውነተኛውን ይዤልሽ እመጣለሁ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጥሎሽ ልጄ ብድግ አድርጎ ወሰደሽ፤ እኔም በወገኖችሽ ፊት አፍሬ ቀረሁ። ካባሽና የሐበሻ ቀሚስሽ ተሰፍቶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቁመትሽን ከፎቶግራፉ ነው የገመትኩት፤ ቢያጥር አትቀየሚኝ።

በደህና ያገናኘን።

አባትሽ ኃይለየሱስ


ኦክላንድ፣ የካቲት 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ኃይለየሱስ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥር ሲገባ ነው። ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር። ሥራ አልበዛብኝም።

እናቴ በጦርነቱ ሞተች ብዬ ቀደም ባለ ደብዳቤ ጽፌልዎት ነበር። እንዴት እንደሞተች አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ህዝቅያስም የሚያውቀው ይህንኑ ያህል ነው። አገሬ ሰሜን፣ ወይራ ገበያ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ጥር 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ ስለነበር ሰው የክት ልብሱን እንደለበሰ ገበያ ወጥቷል። እናቴ ጌሾዋን ዘርግታ ተቀመጠችና እኔን እህል አስፈጭተሽ ነይ ብላ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወፍጮው ስለሚጮህ አውሮፕላኑን አልሰማሁም። ወለሉ ሲንቀጠቀጥና ዱቄቱ ከየግድግዳው ሲራገፍ ነው አንድ ነገር መሆኑን ያወቅሁት። እናቴን የለየኋት በነጠላዋ ጥለት ነው። ከዚያ በኋላ ሱዳን ገባሁ፤ ከሱዳን ወደዚህ።

ከሙዚየሙ የወጣሁት አሞኝ አይደለም። ሕፃናቱ ያን አዝራር ደጋግመው ሲጫኑ እናቶቻቸው ይስቁ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እርስዎ ግን አልረሱም፤ የመንጠቆው ጆሮ እንኳ ስንት እንደሆነ ያስታውሳሉ። ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ። የዚያን ቀን የት ነበሩ?

በስልክ አይመልሱልኝ፤ ስልኩን የሚያነሣው ህዝቅያስ ነው። የሚተኙበትን ክፍል ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ይህን ሳላውቅ ልጨርሰው አልችልም።

ጥሩዬ


ሞጆ፣ መጋቢት 5 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩዬ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለእናትሽ ነፍስ ይማር ማለት ያለብኝ ገና ዱሮ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የጻፍኩትን መመለስ አልችልም። ማን እንደሚያነበው ሳላስብ የሰፈር ወሬ መሰለኝ። ለጠየቅሽኝ መልሱ ይህ ነው። በዚያ ጥር ወባ ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ጥምቀትንም ቃና ዘገሊላንም ያሳለፍኩት አልጋ ላይ ነው። ያን ቅዳሜ እጄ የነካው ነገር የለም።

የኤምባሲው ቀጠሮ ለሚያዝያ መጨረሻ ነው። ህዝቅያስን ሳሚልኝ።

ኃይለየሱስ


ኦክላንድ፣ መጋቢት 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለውድ አባባዬ፤

ሰላምታዬ ከእንባ ጋር ይድረስዎ፤ የሐዘን እንባ አይደለም። ደብዳቤዎን ከሥራ ስወጣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆሜ ከፈትኩት። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። ወባ የሚባል በሽታ ይመሰገናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እዚያው ቆሜ አመሰገንኩት።

ስለጠረጠርኩዎት ይቅር ይበሉኝ። አንድ ሰው ብቻ አልነበረም የሚጭነው፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። ግን ሦስት ወር ያህል ህዝቅያስ «አባዬ ሲመጣ» ባለ ቁጥር ተነሥቼ ኩሽና እገባ ነበር። እሱ ምንም አያውቅም። አሁን ደግሞ የሚነገረው ነገር የለም።

ኅዳር ላይ ስጽፍልዎ ያልነገርኩዎት አንድ ነገር አለ። ፀንሻለሁ፤ አሁን ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። አያት ሊሆኑ ነው። ህዝቅያስ ከአሁኑ «ቤቢ ሲሙሌተር» የሚሉትን አሻንጉሊት ከሥራ ባልደረባው ተውሶ ዳይፐር መቀየር እየተለማመደ ነው፤ አሻንጉሊቱን በእግሩ ዘቅዝቆ ሲይዘው አይቼ ተስፋ ቆርጫለሁ። ስለዚህ ቶሎ ይምጡልን። ክፍልዎን ቀለም ቀባን፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ነው።

ሲመጡ ስለ እናቴ ሁሉንም እነግርዎታለሁ። ለማንም አልተናገርኩትም። እዚህ አገር የሚሰማኝ ትልቅ ሰው አላገኘሁም። አባቴ ገና በጡት ሳለሁ ስለሞተ አባባ ብዬ የጠራሁት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።

የምትወድዎት ልጅዎ ጥሩዬ


ሞጆ፣ ሰኔ 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጥሩዬ፤

ለአንቺም በሆድሽ ላለውም ጤና ይስጥልኝ።

ወባ አልያዘኝም ነበር።

የመጨረሻ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር አልፎታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ስንት ጊዜ ብዕር አንሥቼ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ዋጋ ጽፌ ቀድጃለሁ። ቪዛው ግንቦት ማለቂያ ላይ ተመታልኝ። ፓስፖርቱን ይዤ ከአዲስ አበባ ስመለስ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እኔ ግን አውቶቡሱ በተገለበጠ እያልኩ ነበር።

ከሰሜን በኩል ጦርነት መጀመሩን ሰምታችኋል። አውሮፕላኖቹ እንደገና በላያችን ያልፋሉ። ሕፃናት እየሮጡ ይወጣሉ፤ እኔ ድምፃቸውን ሰምቼ ጭነው ይሁን ባዶ መሆናቸውን እለያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ከባድ ጭነት ይዞ ሲያልፍ የአንቺ ወፍጮ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላልኝ አለ።

ያን ቅዳሜ የበዓል ተረኛ ነበርኩ። ቀኑን ያነበብኩ ለታ ወዲያው ነው ያስታወስኩት፤ ቃና ዘገሊላን ከቤተሰቤ ጋር ሳላከብር የቀረሁት ያን ዓመት ብቻ ነውና። ተረኞቹ እኔና ኩምሳ የሚባል ባልደረባዬ ነበርን። አራት ቦምብ ሰቀልን። ያን የቀልድ ስም ከእንግዲህ አልጽፈውም። አብራሪው ሲመለስ እንደ ልማዳችን ጠየቅነው። «ወይራ ገበያ ደምቃ ነበር» አለን። ሳቅን። ኩምሳ ከልቡ ይሳቅ አይሳቅ አላውቅም፤ የራሴን ግን አውቃለሁ።

የት እንደሚጣል ለጫኝ አይነገረውም። ይህ እውነት ነው፤ ግን መጠለያ እንዲሆነኝ አልፈልግም። ገበያ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በማግስቱም ሰቅያለሁ። የጻፍሽልኝ ጀርመኖች ቢያንስ ጨረቃን አሳይተዋል፤ እኔ ከዚያ ሥራ ያተረፍኩት የህዝቅያስን ማደግና መማር ብቻ ነው። ደብተሩም ጫማውም የተገዛው በዚያ ደመወዝ ነው። እሱ አያውቅም፣ አትፍረጂበት።

መዋሸቴን እንዳልነግርሽ አስቤ ነበር። የቀባሽው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ አንቺ አባባ እያልሽ የእናትሽን ነገር ስታጫውቺኝ ታየኝ። ያን አዳምጬ ቡና ስጪኝ ልልሽ ነው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ቤትሽ ገብቼ ከሚጠራ እዚሁ ሆኜ ይጥራ አልኩ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ አፌ አልደፈረም። አትምጣ ካልሽኝ ለህዝቅያስ ዓይኔ ስለባሰበት ሐኪም ከለከለኝ እለዋለሁ። ያመነኛል።

ኃይለየሱስ


ኦክላንድ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለህዝቅያስ አባት፤

የተለመደውን ሰላምታ ጽፌ ሰረዝኩት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ልወልድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ነው። በማግስቱ ለህዝቅያስ ሐኪም ቤት ሄድኩ ብዬ፣ በዚያ ሆዴ አውቶቡስና ባቡር እየቀያየርኩ ሳን ሆዜ ሙዚየሙ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም። አውሮፕላኑ ሥር ጎንበስ ብዬ መንጠቆውን አየሁት። ሁለት ጆሮ አለው። ሽማግሌው አስጎብኚ ወንበር አመጣልኝ። ዋሻው ውስጥ የሞቱት እስረኞች ስማቸው የት አለ ብዬ ጠየቅሁት። ፈለገ፣ ገለጠ፣ የለም አለኝ። የሮኬቱ ቁጥር ግን ነበረው። አነበበልኝ።

ሁለት ደብዳቤ ጽፌልዎት ነበር። አንዱ አይምጡ የሚል ነው፤ እሱን የቀደድኩት ህዝቅያስ የእርስዎን ወንበር ሲገጣጥም አይቼ ነው። ሌላው ይቅር ብዬዎታለሁ የሚል ነው። እሱን ደግሞ እውነት ስላልሆነ ቀደድኩት። አንድ ቀን እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። መዋሸትዎ ከሥራዎ ይልቅ ያቃጠለኝ ቀን ነበር፤ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆሜ ወባን አመስግኜ ነበርና። ደግሞ እውነቱን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሁሉ መጥቶ እኔ ነበርኩ ያለኝ ሌላ ሰው የለም።

ሰኔ 26 ቀን ሴት ልጅ ተገላገልኩ። ደህና ናት፤ ግንባሯ የህዝቅያስ ነው፣ ማለት የእርስዎ ነው። የሆስፒታሉ ጸሐፊ ፎርም ይዛ ስሟን ስትጠይቀን፣ እኔ ገና ሳልተነፍስ ህዝቅያስ ቀደመኝ። «ጥሩዬ፣ እኔ ዲሳይድ አድርጌያለሁ፤ የእማማሽ ስም ይሁን፤ ፕሊስ፣ ኖ አትበይኝ» አለኝ። ሊያስደስተኝ ነው። እናቴ ያለምዘውድ ትባል ነበር።

እዚህ አገር የቤተሰብ ስም የሚሉት ህዝቅያስ ወረቀቱ ላይ የያዘውን የአባቱን ስም ነው። የልጅቷ የልደት ወረቀት ባለፈው ሳምንት በፖስታ መጣ። ያለምዘውድ ኃይለየሱስ ይላል። የእናቴና የእርስዎ ስም በአንድ መስመር ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። የለጠፈው ህዝቅያስ ነው። ለእሱ እስካሁን አልነገርኩትም። መንገሩ የእርስዎ ፈንታ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ቢመጡ አልከለክልዎትም። ምግብ አቀርብልዎታለሁ፣ ለዓይንዎም ሐኪም ዘንድ አደርስዎታለሁ። አባባ ግን አልልዎትም። እርስዎም ልጅቷን ስሟን ሳይጠሩ መዋል አይችሉም፤ ቤታችን ጠባብ ነው።

ጥሩዬ


ሞጆ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጥሩዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለልጅቷ ዕድሜ ይስጣት፤ አንቺንም ማርያም ታጠንክርሽ።

ዛሬ ጠዋት የግቢው ሰው ሁሉ ወጣ እስኪል ጠበቅሁና በሩን ዘግቼ ስሟን ጮክ ብዬ ልጠራ ሞከርኩ። «ያለም» አልኩና እዚያው ቆምኩ። ከሰዓትም ሞከርኩ፤ ከዚያ አላለፍኩም።

ነገም እሞክራለሁ። ቪዛው ሊያበቃ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

ኃይለየሱስ